ለቁርጥማት የሚሰጠው የቻይና ዘር፦ ለእናቴ ልላክላት ወይስ ይቅር?

የሺያዎቤይ ነጋዴ

ሰላም ቤቶች። የምኖረው ጓንዡ ነው። ጫማና ቦርሳ ወደ አዲስ አበባ እልካለሁ። እናቴ ደሴ ናት። የጉልበቷ ቁርጥማት ብርድ በመጣ ቁጥር ከቤት አያስወጣትም። ሐኪም ያዘዘላት ኪኒን ደግሞ ጨጓራዋን ስላቃጠላት ትታዋለች።

እኛ ሕንፃ ላይ የሚኖሩ አንዲት ቻይናዊት አሮጊት ወገባቸውን ያዳነላቸው ዘር እንዳለ ነገሩኝ። ማቺየንዚ ይባላል። ስሙን ስልኬ ላይ ጻፉልኝና ሄጄ ከአንድ ቅጠላ ቅጠል ሻጭ ግማሽ ኪሎ ገዛሁ።

ዘሩ ክብና ጠፍጣፋ ነው፣ የካፖርት ቁልፍ ነው የሚመስለው። መካከሉ ጎድጎድ ያለ ነው። ቀለሙ ግራጫ ሆኖ ከመሐል ወደ ዳር የተኛ ደቃቅ የሚያብለጨልጭ ጸጉር አለው። በጣም ጠንካራ ነው፣ በመዶሻ ካልሆነ አይሰበርም። ስባሪውን ምላሴ ላይ አስነካሁት፤ ምሬቱ እስከ ማታ አልለቀቀኝም።

ሻጩ "ፈጭተሽ ትንሽ ትንሽ" ያለኝ መሰለኝ። ቻይንኛዬ ለዋጋ ክርክር እንጂ ለሕክምና አይበቃም። ሐሙስ ወደ አዲስ የምትበር ጓደኛ አለችኝ። ልላክላት? ከተላከስ በማር ይሻላል በሻይ? ስንት ስንት ፍሬ?

ፋርማሲስት ከጎንደር

እህቴ፣ አትላኪ። ሐሙስ ቅርብ ስለሆነ ይህን አስቀደምኩ። ምክንያቱ ይኸው።

ፍሬውን በገለጽሽው ዓይነት የያዝሽው የስትሪክኖስ ኑክስ ቮሚካ ጥሬ ዘር ነው። ዛፉ የሕንድና የደቡብ ምሥራቅ እስያ ነው። ዘሩ ውስጥ ዋናዎቹ ሁለት ነገሮች ስትሪክኒንና ብሩሲን ናቸው። ስትሪክኒንን እ.ኤ.አ. በ1818 ፔሌቲዬና ካቫንቱ የሚባሉ ሁለት ፈረንሳውያን ከዚሁ ዛፍ ዘመድ ዘር ለይተው አወጡት። ከዚያ ወዲህ ዓለም የሚያውቀው የአይጥና የውሻ መርዝ ሆኖ ነው።

አሁን ሒሳቡን አብረን እናስላ። በቻይና የመድኃኒት መመሪያ መጽሐፍ መሠረት ዘሩ ከ1.2 እስከ 2.2 በመቶ ስትሪክኒን ሊኖረው ይገባል። አንድ ፍሬ ከ1 ግራም በላይ ይመዝናል። ስለዚህ በትንሹ ብናሰላ እንኳ በአንድ ፍሬ ውስጥ 12 ሚሊ ግራም አለ። የቻይና መጻሕፍት ራሳቸው ከ5 እስከ 10 ሚሊ ግራም ይመርዛል፣ 30 ሚሊ ግራም ሊገድል ይችላል ይላሉ። ብዙ የሕክምና መጻሕፍት ደግሞ ለአዋቂ ገዳዩን መጠን ከ50 እስከ 100 ሚሊ ግራም ያደርጉታል። በየትኛውም ሒሳብ ቢሆን "ስንት ስንት ፍሬ" ለሚለው ጥያቄሽ መልስ የለውም። እጅሽ ላይ ያለው ግማሽ ኪሎ ውስጥ ቢያንስ 6 ግራም ስትሪክኒን አለ። ለአንድ ሰፈር ይበቃል።

ስባሪውን ከላስሽው በኋላ ምሬት ብቻ ከሆነ የተሰማሽና ጊዜው ካለፈ አትጨነቂ። ግን ድጋሚ እንዳትሞክሪ። የፈጨሽበት ነገር ካለም ለምግብ አትጠቀሚበት።

የአያቴ ልጅ

እንግዲህ ጀመራችሁ። ፈረንጅ መርዝ ነው ካለ አለቀ። ቻይናውያን ስንት መቶ ዓመት የተጠቀሙበትን መድኃኒት እናንተ በካልኩሌተር ትገድሉታላችሁ። የእኛንም አገር መድኃኒት እንዲሁ ነው ያጠፋችሁት። አያቴ ኮሶ ጠጥታ ነው ያደገችው፣ 90 ዓመቷን አልፋለች። አሮጊቷ ድኛለሁ ብለዋል አይደል? ወገባቸውን ይዘው ነው የሚመሰክሩት። እህት፣ ዝም ብለሽ በትንሹ ላኪላት።

ትምህርት ላይ ነኝ (ቲያንጂን)

ሰላም ሁላችሁም። እዚህ የቻይና ባሕላዊ ሕክምና ነው የምማረው። የአያቴ ልጅ፣ ቁጣህ ይገባኛል፣ ግን እዚህ ላይ መርዝ ነው ያለው ፈረንጅ አይደለም። ራሳቸው ቻይናውያን ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ1988 የወጣ የመርዛማ መድኃኒቶች ቁጥጥር ደንብ አላቸው። ከባሕላዊ መድኃኒቶች 28 ዓይነት ዘርዝረው አስቀምጠዋል። አርሴኒክ አለበት፣ ጥሬ ማቺየንዚም አለበት። ያለ ሐኪም ማዘዣ አይሸጥም። በማዘዣም ቢሆን ከሁለት ቀን በላይ የሚሆን መስጠት ክልክል ነው፤ ማዘዣው ደግሞ ለሁለት ዓመት ይቀመጣል። ሆንግ ኮንግም 31 መርዛማ መድኃኒቶችን የዘረዘረ የራሷ ሕግ አላት፤ እዚያም ውስጥ አለ። ስለዚህ ግማሽ ኪሎ በፌስታል ጠቅልሎ የሸጠልሽ ሰውዬ ሥራው ሕገ ወጥ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። አሮጊቷ አልዋሹም ይሆናል። እሳቸው የወሰዱት ግን አንቺ የያዝሽውን አይደለም። ጥሬው ዘር ወደ ሆድ የሚገባ መድኃኒት አይደለም። መጀመሪያ ይሠራል።

ትምህርት ቤት ያየሁትን ልንገራችሁ። ብረት ድስት ውስጥ ንጹሕ የወንዝ አሸዋ ይደረግና በኃይለኛ እሳት ይግላል፣ ከ200 ዲግሪ በደንብ በላይ። ከዚያ ዘሩ ይጨመርና ያለ ማቋረጥ ይማሰላል። አሸዋው ሙቀቱን ለሁሉም ጎን እኩል ያደርሳል። ያን የሚያህል ደረቅ ነገር ያብጣል፣ ውስጡ ይሰነጠቃል፣ ቀለሙ ወደ ጥቁር ቡና ይሄዳል። ጸጉሩ ያርና በወንፊት ከአሸዋው ጋር ይወገዳል። መምህራችን አንዱን ፍሬ በመቀስ ከፍለው ውስጡን ያሳዩን ነበር። መሐሉ ገና ነጣ ካለ ይመለሳል፤ ከጠቆረ ደግሞ ይጣላል፣ መድኃኒትነቱም አብሮ ነድዷል። ሙቀቱ የስትሪክኒኑንና የብሩሲኑን ከፊል ወደ ሌላ፣ መርዝነቱ ወደቀነሰ ዓይነት ይለውጠዋል። ይለውጠዋል እንጂ አያጠፋውም።

በዚህም አያበቃም። የተቆላው ተፈጭቶ በላቦራቶሪ ይለካል። ስትሪክኒኑ ከፍ ካለ ስታርች እየተጨመረበት ከ0.78 እስከ 0.82 በመቶ ባለች ጠባብ መስመር ውስጥ ይገባል። የሚወሰደው መጠን ከ0.3 እስከ 0.6 ግራም ነው፣ እሱም በክኒን ወይም በዱቄት ከሌሎች ጋር ተቀምሞ። አንድ ፍሬ እንኳ አይሞላም። ለነፍሰ ጡር ክልክል ነው። ለረጅም ጊዜ አይወሰድም። ቆዳም ስለሚመጠው ሰፊ ቦታ ላይ አይቀባም።

በድሮ ጊዜ በዘይት ይጠብሱት፣ በኮምጣጤ ይዘፈዝፉት፣ ከማሾ ጋር ይቀቅሉት ነበር። በሕፃን ሽንትም ይዘፈዘፍ ነበር፣ ይቅርታ ምግብ ላይ ያላችሁ። ይህን ሁሉ ድካም የደከሙት መርዝነቱን ስለሚያውቁ ነው።

የአያቴ ልጅ

እሺ የቁላው ነገር ገብቶኛል። ታዲያ እሷስ ቤቷ ቆልታ ብትልክስ? ቡና የማይቆላ ሐበሻ አለ እንዴ?

ትምህርት ላይ ነኝ (ቲያንጂን)

በናትህ 😂 ቡናው ካረረ ጣዕሙ ነው የሚበላሸው። እዚህ አንዱ ፍሬ በደንብ ተቆልቶ አጠገቡ ያለው ግማሽ ጥሬ ቢቀር በዓይን አይለይም። የላቦራቶሪ መለኪያ ቤት የለም። ኮሶንም ካነሳህ አይቀር፣ አያትህ በልክ ስለጠጡ ነው የተረፉት። ኮሶ በዝቶበት የተጎዳ ሰው ጠፍቶ አይደለም።

የሌሊት ተረኛ

ድንገተኛ ክፍል ነርስ ነኝ፣ ሜሪላንድ። ሌላው ሁሉ ተብሏል፣ ሰው ሲወስደው ምን እንደሚሆን ግን ማንም አልጻፈም። ልጻፈው፣ ምክንያቱም "ትንሽ ያስመልሳታል፣ ያልፋል" ብሎ የሚያስብ ይኖራል።

ሕብለ ሠረሠራችን ውስጥ ግላይሲን የሚባል ኬሚካል አለ። ነርቮችን ረጋ በሉ የሚል እሱ ነው። ክንድሽን ስታጥፊ የኋላው ጡንቻ የሚላላው በእሱ ነው። ስትሪክኒን የግላይሲንን መቀበያ ይዘጋል። ያኔ ረጋ የሚል የለም። ትንሽ ድምፅ፣ የመብራት ብልጭታ፣ የእጅ ንክኪ በቂ ነው፤ መላ ሰውነት በአንድ ጊዜ ይኮማተራል።

ብዙውን ጊዜ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ባለው ጊዜ ይጀምራል። መጀመሪያ መቁነጥነጥ፣ የአንገትና የመንጋጋ መገተር፣ ለድምፅ መደንገጥ ይታያል። ከዚያ ጀርባው ወደ ኋላ ይቀለበሳል፤ በተረከዝና በጭንቅላት ብቻ አልጋውን እስኪነካ ድረስ። መንጋጋ ቆልፍ ያዘው ብለው የሚያመጡትም አለ፣ በጣም ይመሳሰላሉ። ከሚጥል በሽታ የሚለየው ግን ሰውዬው ራሱን አይስትም። ሁሉንም ይሰማል፣ ሁሉም ያመዋል። የሚገድለው የደረት ጡንቻ ተቆልፎ ትንፋሽ ሲያጥረው ነው። ከዚህ ቢተርፍም የተጎዳው ጡንቻ የሚለቀው ነገር ኩላሊት ሊያበላሽ ይችላል።

ማርከሻ የለውም። ሐኪም ቤት የሚደረገው ጡንቻውን በዲያዜፓምና በመሰሎቹ ማላላት፣ ከከፋ አስተኝቶ በማሽን ማስተንፈስ፣ ትኩሳቱን ማውረድ፣ ፈሳሽ መስጠት ነው። ክፍሉ ጨለም ያለና ጸጥ ያለ ይሆናል። ሰው ለማጽናናት ብሎ እጁን ሲይዘው እንኳ ያንን መኮማተር ሊቀሰቅስ ይችላል፤ ቤተሰብ ይህን መቀበል ይቸገራል።

ቤት ውስጥ ከሆነ እንዲያስታውክ አታድርጉ። ወተትም ሆነ ቅቤ አታጠጡ። መብራት ቀንሱ፣ አትጩኹ፣ አታሹ፣ ቶሎ ሐኪም ቤት አድርሱ። የወሰደውን ነገር ይዛችሁ ኑ። ሐኪሙ ስሙን ካላወቀ መንጋጋ ቆልፍ እያለ ጊዜ ይጠፋል።

ፋርማሲስት ከጎንደር

ነርስ ያለው ላይ አንድ ልጨምር። በሆንግ ኮንግ አንዲት የ42 ዓመት ሴት ለአንገት ሕመም 15 ግራም ማቺየንዚ ቀቅላ ውኃውን ጠጥታ ተመርዛ ነበር፣ ታሪኳ እ.ኤ.አ. በ2002 በሕክምና መጽሔት ወጥቷል። ከአንድ ሰዓት በኋላ እጅና እግሯ ተኮማተረ፣ ትንፋሽ አጠራት፣ አፏ ዙሪያ ደነዘዘ። ሆስፒታል ገብታ ዳነች። 15 ግራም ከተፈቀደው ከፍተኛ መጠን 25 እጥፍ ነው። የተረፈችው ሲቀቀል ሁሉም ወደ ውኃው ስለማይወጣ ይመስለኛል። ተፈጭቶ በማር ቢሆን ኖሮ ሁሉም ሆድ ገብቶ ነበር። ነጋዴዋ የጠየቀችው ደግሞ ይህንኑ ነው።

የእንስሳት ሐኪሙ

ልጆች፣ ይህ መርዝ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ዕድሜው የደረሰ ሁሉ ያስታውሰዋል። ባለቤት የሌላቸውን ውሾች ለማስወገድ በከተሞቻችን ስትሪክኒን በሥጋ እየተደረገ ይጣል ነበር። ጠዋት ሲነጋ እግራቸውን ገትረው መንገድ ዳር የሚታዩት ውሾች በዚህ ነው የሞቱት። ነርሱ የጻፈውን ባነበብኩ ጊዜ ያ ነው የታየኝ።

በሥራዬ ብዙ የግቢ ውሾች መጥተውልኛል፣ የተጣለውን ሥጋ የበሉ። ቶሎ የደረሰውን በማደንዘዣ አስተኝተን የምናተርፍበት ጊዜ ነበር። በሩን ጮክ አድርጎ የሚዘጋ ሰው ካለ ግን ልፋታችን ከንቱ ነው። የሬሳው ሥጋ ውስጥም መርዙ ስለሚቆይ አሞራውም ጅቡም የበላውን በልቶ ይሞታል። ሰው ይህን በማር አድርጎ ለእናቱ ይልካል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር፤ ልጄ፣ አንቺን አልወቅስም፣ የሸጠልሽን ነው።

የሺያዎቤይ ነጋዴ

ጋሼ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ሁላችሁንም። እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው ያነበብኩት። አልላክም፣ አለቀ። ለጓደኛዬም ደውዬ ነግሬያታለሁ።

ዛሬ ጠዋት አሮጊቷ ጋ ወርጄ የሚወስዱትን አሳዩኝ አልኳቸው። የትምህርት ቤቷ ልጅ ልክ ናት። ዘር አይደለም፣ ከሆስፒታል የተሰጣቸው በፋብሪካ የተሠራ እንክብል ነው። ሣጥኑን ፎቶ አንስቼ ተረጎምኩት። ማቺየንዚ፣ ኤፌድራ፣ ዕጣንና ከርቤ ይላል። ዕጣን! እኔ ከዚህ ወደዚያ ጫማ እጭናለሁ፣ ዕጣናችን ደግሞ ከዚያ መጥቶ መድኃኒት ሆኖ ጠበቀኝ።

የተረፈውን ዘር ምን ላድርገው? ቆሻሻ ውስጥ ልጣለው?

ትምህርት ላይ ነኝ (ቲያንጂን)

ዝም ብለሽ አትጣይው፣ እንስሳ ወይም ልጅ ሊያገኘው ይችላል። አቅራቢያሽ ካለ የባሕላዊ ሕክምና ሆስፒታል ፋርማሲ ውሰጂላቸው። ከየት እንደገዛሽው ከጠየቁሽም ንገሪያቸው፣ አንቺ ላይ የሚመጣ ነገር የለም።

እነዚያ አራቱ አንድ ላይ ሲሆኑ የታወቀ የቆየ ቅመም ነው፣ ለስብራትና ለውልቃት የሚሰጥ። የዕጣኑም ነገር ቀልድ አይደለም። የቻይና የመድኃኒት መመሪያ ዕጣንን በሁለት ይከፍለዋል፣ የሶማሊያና የኢትዮጵያ ብሎ። ፈተና ላይ መጥቶልኝ ብቻዬን ስስቅ ነበር። የመተማ ዕጣን የሚጨስ እንጂ የሚዋጥ አይመስለንም፤ እዚህ ግን በኮምጣጤ ይቆላና ለሕመም ይሰጣል። እሱ እንደ ማቺየንዚ አያስፈራም፣ ቢበዛ ሆድ ያውካል።

42 ኪሎ

ይህን ክር ለሯጭ ጓደኞቼ ሁሉ ላክሁት። ማንም ስላላነሳው እኔ ላንሳው፦ ስትሪክኒን በውድድር ጊዜ የተከለከለ አበረታች መድኃኒት ነው። ቻይና ልምምድና ውድድር የምትሄዱ፣ ጡንቻዬ ተሳሰረ ብላችሁ ያገኛችሁትን እንክብል አትዋጡ።

ታሪኩ ረጅም ነው። እ.ኤ.አ. በ1904 በሴንት ሉዊስ ኦሊምፒክ ማራቶን ያሸነፈው ቶማስ ሂክስ መንገድ ላይ ሲደክም ረዳቶቹ ስትሪክኒን በእንቁላል ነጭ አጠጡት። አንድ ሚሊ ግራም ገደማ ናት። ቆይተው ደገሙለት፣ ከብራንዲ ጋር። እየቃዠ፣ በሰው ትከሻ ተደግፎ ነው የገባው። ያኔ ክልክል አልነበረም። ከእሱ ቀድሞ የገባው ሰውዬ ደግሞ ከመንገዱ ከፊሉን በመኪና ሄዶ ነበርና ተሰረዘ። እንዲህም ሆኖ ማራቶን ይባላል።

ቅርብ ጊዜ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1992 በባርሴሎና ዉ ዳን የምትባል የቻይና የመረብ ኳስ ተጫዋች በዚሁ ተያዘች። በ2016 ሪዮ ላይ የኪርጊስታኑ ክብደት አንሺ ኢዛት አርቲኮቭ በ69 ኪሎ ያገኘውን ነሐስ ተነጠቀ፣ የተገኘበት ስትሪክኒን ነው። አሁን በዚህ ዘመን ማን ስትሪክኒን ይወስዳል? እኔ አሠልጣኝ አይደለሁም፣ ግን ሰው አውቆ የሚወስደው አይመስለኝም። ከእንዲህ ዓይነት ዘር ነው የሚመጣው ብዬ እጠረጥራለሁ።

ትምህርት ላይ ነኝ (ቲያንጂን)

ልክ ነህ ወንድሜ። መመሪያው ራሱ ማቺየንዚ ስር "ስፖርተኞች ይጠንቀቁ" ብሎ ጽፏል። ግን ሯጩ ቻይንኛ ካላነበበ ምን ዋጋ አለው።

ታሪክ ወዳዱ

በዚሁ አጋጣሚ፦ በድሮ ቻይና ደቡብ ታንግ የሚባል ግዛት የመጨረሻው ንጉሥ ሊ ዩ፣ ገጣሚም ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ978 በዚህ መርዝ ሞተ ይባላል። አገሩን የወሰደበት የሶንግ ሥርወ መንግሥት ሁለተኛው ንጉሥ ነው በልደቱ ቀን የላከለት ይላሉ። ሲሞት ራሱና እግሩ እስኪገናኙ ሰውነቱ ተጣጠፈ ተብሎ ይተረካል። መርዙ ይኸው ዘር መሆኑ የኋላ ሰዎች ግምት ነው። ነርሱ የጻፈውን ሳነብ ግን ግምቱ ከየት እንደመጣ ገባኝ።

የአያቴ ልጅ

እሺ ተሸንፌያለሁ፣ በማቺየንዚው። አንድ ጥያቄ ግን አለኝ። ባዶው የሚሉት ሌላ የቻይና ዘር አለ፣ ለሆድ ድርቀት። የእኛ ብሳና ዘመድ ነው ይባላል። እሱስ?

ፋርማሲስት ከጎንደር

እውነት ነው፣ ሁለቱም ክሮተን ናቸው። የእኛ ብሳና ክሮተን ማክሮስታኪዩስ ነው፣ ለቋቁቻና ለማስቀመጥ የምንጠቀምበት። የእነሱ ክሮተን ቲግሊየም ነው። የዘሩ ዘይት ቆዳን ያቆስላል፣ ወደ ሆድ ከገባ ጠብታው ብቻ አንጀት ያገላብጣል። ጥሬው እንደ ማቺየንዚ በዚያው በ28ቱ ዝርዝር ውስጥ ነው። ለመድኃኒት ሲሆን ዘይቱን ጨምቀው ያወጡና ከ18 እስከ 20 በመቶ ብቻ ያስቀሩበታል። መጠኑ ከ0.1 እስከ 0.3 ግራም ነው። ዘመድ ስለሆነ ብሳናን እንደለመድነው እንለምደዋለን ካልክ ተው።

ነጋዴዋ፣ የእናታችን ነገር ግን እንዳይረሳ። ጨጓራዋን ያቃጠለው የትኛው ኪኒን እንደሆነ ስሙን ጠይቂያት። ዲክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ከሆነ ጉልበት ላይ የሚቀባ የዲክሎፌናክ ጄል አለ። ጨጓራውን እንደ ኪኒኑ አያስቸግርም፣ ሐኪሟን ታማክር። የጨጓራ መከላከያ አብሮ የሚታዘዝበትም መንገድ አለ። የጭን ጡንቻ ማጠንከሪያ እንቅስቃሴ ደግሞ ብዙ ሰው ይንቀዋል እንጂ ለጉልበት ከብዙ ኪኒን ይሻላል። ደሴ ፊዚዮቴራፒ የሚሰጥ ሆስፒታል አለ፣ ትጠይቅ። አንቺ ከዚያ የምትልኪው ነገር ከፈለግሽ ጥሩ የጉልበት ማሰሪያና ሙቅ ውኃ መያዣ ላኪላት።

የሺያዎቤይ ነጋዴ

ማሰሪያውማ ሞልቷል፣ ሦስት ልኬ አስመርጣታለሁ። አመሰግናለሁ ወንድሜ። ኪኒኑ ዲክሎፌናክ ነው፣ ደውዬ ጠየቅኋት። ጄሉን ሐኪሙን እንድትጠይቅ ነገርኳት። "ዘሩስ?" አለችኝ፣ ጓደኛዬ ቀድማ ነግራታለችና። ጋሼ ስለ ውሾቹ የጻፉትን አነበብኩላት። በቃ ተወችው።

ሻርጃ 07

ሰላም፣ ክሩን ዘግይቼ ነው ያየሁት። እኔም ጋ የወገብ እንክብል አለ፣ እዚህ ካለ የቻይና ሱቅ የተገዛ። እንግሊዝኛ የለበትም፣ ሁሉም ቻይንኛ ነው። ወስጄው አላውቅም፣ የቤት ባልደረባዬ ግን ይወስዳል። እንዴት አውቃለሁ?

ትምህርት ላይ ነኝ (ቲያንጂን)

የሣጥኑን አራቱንም ጎን ፎቶ አንሺና እዚሁ ለጥፊ፣ አነብልሻለሁ። በስልክሽ ካሜራ መተርጎሚያም ስሞቹን ማየት ትችያለሽ። የቻይና መንግሥት የፈቀደው መድኃኒት ከሆነ የምዝገባ ቁጥር አለበት፦ አራት የቻይንኛ ፊደል፣ ከዚያ አንድ የላቲን ፊደል፣ ቀጥሎ 8 አኃዝ። የባሕላዊው መድኃኒት ፊደል ዜድ ነው። ቁጥሩ ከሌለ ወይም "ምግብ" የሚል ምዝገባ ይዞ ሕመም አስታግሳለሁ ካለ አይዋጥ። ባልደረባሽ እስከዚያ ያቁመው። ከዚህ በፊት ሲወስደው መንጋጋው ወይም ማጅራቱ ገትሮት ያውቃል?

ሻርጃ 07

ጠየቅኩት። "ስወስደው ማጅራቴን ይይዘኛል፣ መድኃኒቱ ሲሠራ ነው ብዬ ነበር" አለኝ። ከሥራ ሲመለስ ሣጥኑን አስይዤ ክሊኒክ እወስደዋለሁ። ፎቶውን አሁን እለጥፋለሁ።

የሌሊት ተረኛ

ከሥራ እስኪመለስ አትጠብቂ። ዛሬ ወስዶ ከሆነ አሁኑኑ ደውዪለት፣ ካለበት ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ይሂድ። መኪና ራሱ እንዳይነዳ።